ለግብ ጠባቂዋ የታጨደ ሰሊጥ

ከወለጋ ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶቼ ሲጨብጡኝ እጄን ይዘው ቆም ይላሉ። «መዳፍሽ ምን ሆነ?» ይሉኛል። ድሮ ግብ ጠባቂ ስለነበርኩ፣ አሁንም የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ ስለሆንኩ፣ ኳስ የላጠኝ ይመስላቸዋል። ኳስ አይደለም፤ ሰሊጥ ነው። ሰሊጥና ኳስን ምን አገናኛቸው ለሚለኝ ሁሉ ቆሜ ማስረዳት ሰለቸኝ። ስለዚህ ነቀምቴንም አንገር ጉቲንንም የማየት ዕድል የማይገጥመው ዘመዴ ሁሉ ቁጭ ብሎ እንዲያነበው ጉዞዬን ከመነሻው ልጻፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እየተዘጋጀ ሳለ የመጀመሪያዋ ግብ ጠባቂያችን ጣቷ ተሰበረ። ተጠባባቂዋ ደፋር ልጅ ናት፤ ከፍ ብሎ የሚመጣ ኳስ ሲሆን ግን ዓይኗን ትጨፍናለች። በዚህ መሀል ቶለራ የሚባል የነቀምቴ የስፖርት መምህር አጭር ቪዲዮ ላከልን። አንዲት ረጅም ልጅ በሁለት የባሕር ዛፍ እንጨቶች መካከል ቆማ የሚመጣውን ኳስ ሁሉ ካየር ላይ ትለቅማለች። ሰሚራ ትባላለች፤ የአንገር ጉቲን ልጅ ናት። አባቷ ዘንድ ደጋግመን ደወልን። «እሺ» ይላሉ። እሺ ባሉ ቁጥር ልጅቱ አትመጣም። በመጨረሻ ዋናው አሰልጣኛችን ቁርጡን ነገረኝ፤ «እሁድ ጠዋት ሜዳ ላይ ካላየኋት ያለ እሷ ቡድኑን አሳውቃለሁ» አለ። እኔም ሰው እየሰማ «ሳልይዛት አልመለስም!» ብዬ ፎከርኩ።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ ሳይነጋ ተነሳን። ጥቅምት ስለሆነ እንደ ደብረ ብርሃን ልጅነቴ ወፍራም ሹራብ ደርቤ፣ ጋቢ ጨምሬ ነው የወጣሁት። እኛ አገር ጥቅምት ማለት ውርጭ ነው። እስከ ጌዶ ድረስም አላፈርኩም፤ ደጋው፣ ጭጋጉ፣ አፋቸውን በነጠላ የሸፈኑት ሰዎች ቤቴን አስታወሱኝ። ወደ ባኮ መውረድ ስንጀምር ግን ሹራቡ ጠላቴ ሆነ። መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ ሹራቡ፣ ከዚያ ካልሲው ወለቀ። ከጎኔ የተቀመጡትን ወይዘሮ ስመለከታቸው እየሳቁ ነው።

«ልጄ፣ ነቀምቴ ሳንደርስ እንዳትጨርሺ» አሉኝ።

ሲሬ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። መንገድ ዳር ያለች፣ ግማሿ አራሽ ግማሿ ነጋዴ የሆነች ከተማ ናት። እኛ ጋ መኪና ሲቆም ቆሎና ዳቦ ነው ወደ መስኮቱ የሚሮጠው፤ እዚህ የተጠበሰ በቆሎና ሸንኮራ ነው። በቆሎውን ገዝቼ ለሴትየዋ ግማሹን ብሰጣቸው እሳቸው ደግሞ ከዘምቢላቸው ሙዝ አወጡልኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ነቀምቴ ደረስን።

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባኬ ጃማ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ አልጋው ደህና ነው፣ ገላ መታጠቢያውም የሚያብረቀርቅ ነው፤ ውሃ ብቻ የለውም። ፀጉሬን ሳሙና ቀብቼ ነው ይህን ያወቅኩት። መምህር ቶለራ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ራሴን በፎጣ ጠምጥሜ አገኘኝ። የነቀምቴ ሰው ሰላምታ ረጅም ነው፤ እሱ «አከም ጅርቱ? ነጋ? ፈያ?» እያለ የእናቴን፣ የአገሬን፣ የመንገዱን ደህንነት ሲጠይቅ ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነበር። ወዲያው ሻንጣዬን አንስቶ ወደ ቤቱ ወሰደኝ። ሚስቱ ጫልቱ እኔን ትታ እሱን ተቆጣችው።

«ማሎ ቶለራ! ቤት እያለ እንግዳ ፔንሲዮን ታሳድራለህ? ሰው ምን ይለናል?»

ውሃ አሙቃ ራሷ አጠበችኝ። እኛ ጋ እንግዳ ይከበራል፤ እዚህ እንግዳ ይታጠባል።

ረቡዕ

በጠዋቱ ወደ አንገር ጉቲን ለመሄድ ተነስቼ ነበር፤ ቶለራ ግን አልቸኮለም። ከዚህም ከዚያም ስልክ ደወለ። እኛ አገር ሰው ሲገናኝ «ውርጩ እንዴት አደረ?» እንደሚባለው እዚህ «መንገዱ እንዴት ዋለ?» ይባላል። ሲዘጋና ሲከፈት የከረመ መንገድ ነው፤ ሰው ሳይጠይቅ አይነሳም። «ነገ ሰላም ነው፤ ዛሬ ግን ሚኒባሱ ጎማ እየቀየረ ነው» አለኝ። ምክንያቱ ጎማ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ።

ቀኑን ከጫልቱ ጋር ገበያ ዋልኩ። ሻጯ በኦሮምኛ ትጠራለች፣ ገዢው በአማርኛ ይከራከራል፣ ሁለቱም በመሀል ቋንቋ ይለዋወጣሉ፤ ስምምነቱ በየትኛው እንደተፈጸመ የሚያስተውል የለም። ጫልቱ አንጮቴ ገዛች። አንጮቴ እኛ አገር የሌለ ሥራ ሥር ነው። ቀቅለው፣ ልጠው፣ ቀጥቅጠው በቅመም ቅቤ ያሹታል። መልኩን ሳየው ድንች መስሎኝ አቃልዬው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።

«የተሰበረ አጥንት ይጠግናል። ለዚያች ጣቷ ለተሰበረው ልጅም ቋጥሬልሻለሁ» አለች ጫልቱ።

እራት ላይ ቶለራ ስለ ሰሚራ አባት አጫወተኝ። አያ ሰይድ ይባላሉ፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ ሰፍረው የመጡ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። «ክፉ ሰው አይደሉም። ልጅቷ ነቀምቴ ስትጫወት ፈቅደውላት ነው የመጣችው። ለምን እንደያዟት ግን አልገባኝም። ከተማ ስለምኖር ይሆናል» አለኝ። እኔ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ወላጅ ሴት ልጁን ኳስ አላጫውትም ሲል ስንቴ አይቻለሁ! የምናገረውን ሁሉ አልጋዬ ላይ ሆኜ አዘጋጀሁ።

ሐሙስ

ሚኒባሱ ኡኬን አልፎ ወደ አንገር ሸለቆ ሲወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። በግራም በቀኝም በቆሎ፣ ማሽላና ሰሊጥ ነው። እኛ ጋ ገብሱ እስከ ጉልበት ነው፤ እዚህ ሰሊጡ ሰው ይውጣል። ከአስፋልቱ ወርደን በባጃጅ ስንቀጥል ባጃጇ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ እምቢ አለች። ቶለራ፣ ሾፌሩና እኔ ገፋን። ስትወጣ በጭቃው ቀባችኝ። በዝናብ ወቅት ያልሆነ ጭቃ ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም።

ሰሚራን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አገኘናት። ቀጥ ብላ መጥታ እጄን ስትጨብጠኝ የራሴን መዳፍ ለማየት አጎነበስኩ፤ የእሷ እንደ ሞረድ ሻካራ ነው። ብዙ ሳላወራ ኳስ አስቀምጬ መምታት ጀመርኩ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ከላይ፣ ከታች። ሜዳው ድንጋይ ነው፤ እሷ ግን ፍራሽ ላይ እንዳለች ትወድቅበታለች። ከፍ ያለውን ኳስ ስልክላት ዓይኗ ተገልጦ ኳሱ ላይ ነው፤ ይዛው ነው የምትወርደው። ልቤ ደነገጠ። እንዲህ ያለች ግብ ጠባቂ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳየሁ አላስታወስኩም።

«መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«በጣም፣ ኮች» አለች። ቀጥላ መሬት መሬት እያየች «ግን ቀን አለብኝ» አለችኝ።

አልገባኝም። ቤታቸው ስንደርስ አያ ሰይድ ዱላቸውን ተደግፈው ከደጅ ተቀበሉን። ወገባቸው ታሟል፤ ጎንበስ እንዳሉ ነው የሚሄዱት። እናቷ አራስ ናት፤ ከጓዳ ሆና በሕፃን ልቅሶ መሀል «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለችን። ወተትና የማር እንጀራ ቀረበ። እኔ የተዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ፤ ሴት ልጅ፣ ትምህርት፣ አገር፣ ባንዲራ እያልኩ። አያ ሰይድ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ወላሂ አልከለከልሁም። በስልክ ሲጠይቁኝ እሺ አልሁ፤ አሁንም እሺ ነው። መቼ ትመጣለች ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም» አሉ።

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አስረዱኝ። መንደሩ ሰሊጥ የሚያጭደው በወንፈል ነው፤ ኦሮሞዎቹ ጎረቤቶቻቸው ዳዶ ይሉታል። ከየቤቱ አንድ እጅ ይወጣል፣ ዛሬ ያንተን ነገ የእኔን እያሉ በዙር ያጭዳሉ። የአያ ሰይድ ወገብ ስለማይታጠፍ፣ እናቷም አራስ ስለሆነች፣ የቤቱ እጅ ሰሚራ ናት። የእነሱ ማሳ ታጭዷል። ሰሚራም ዓርብ ካጨደች ለሌሎቹ ሁሉ መልሳ ትጨርሳለች፤ የምትቀርባት የጎረቤታቸው የአዴ ጅፋሬ ቀን ብቻ ናት። የአዴ ጅፋሬ ሰሊጥ ዘግይቶ የደረሰ ነው፤ ተራው ቅዳሜ ነው። ሰሚራ እሁድ ጠዋት አዲስ አበባ ለመገኘት ደግሞ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መነሳት አለባት፤ በዚያ መንገድ ማታ መኪና አይሄድም። ሰሊጥም እንደ እኛ ገብስ አይታገሥም፤ ቀኑ ካለፈ አፉን ከፍቶ ይረግፋል።

ይሄው ነው? ብዬ ሳቄ መጣ። ከፈራሁት ሁሉ የቀለለ መሰለኝ። ከተሜነቴ እዚህ ላይ ነው ያጋለጠኝ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው፣ እኔ የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ በእሷ ፈንታ እልካለሁ» አልኩ።

ሰሚራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አያ ሰይድ ሲናገሩ ድምፃቸው አልጨመረም።

«ያ ክፉ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ልጆቼን ከልጆቿ አልጋ አስተኝታ ያሳደረች ጅፋሬ ናት። እኔ ማሳ ላይም መጥታ በእጇ አጭዳለች። አሁን ቅጥረኛ ብልክባት ‹ሒሳባችን አለቀ፣ በቃን› ማለቴ ነው። እዚህ አገር ‹በቃን› ተባብለን መኖር አንችልም፣ እህቴ። እምነት እንደ ሰሊጥ ነው፤ ከፈሰሰ አይለቀምም።»

አፈርኩ። እኛም አገር ገብስ ሲታጨድ ወንፈል እንዳለ አውቃለሁ፤ ከተማ ውስጥ ስላደግኩ ግን የማውቀው ስሙን ነው። ፉከራዬ ግን አልለቀቀኝም።

«ከቤት ሰው ሌላ ሰው ቢተካ ነውር ነው?»

«የቤት ሰው ከሆነ ነውር የለውም።»

«እኔ ዛሬ እዚህ ነው የማድረው። ያደረ እንግዳ የቤት ሰው አይደለም?»

አያ ሰይድ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጭቃ የቀባው ሱሪዬን፣ ለስላሳ እጄን አዩ። ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው አቃታቸው። «እሱን ጅፋሬ ትወስን» አሉ።

ዓርብ

የሰሊጥ አጨዳ የሚጀመረው በማለዳ ጤዛ ሳይደርቅ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ዘሩ ቶሎ ይፈሳል። ዓርብ ተራው የሌላ ጎረቤት ነበርና ሰሚራ ገና ሲነጋ ወደዚያ ማሳ ወሰደችኝ። የወንፈሉ ሰዎች ሁሉ ተሰልፈዋል። አዴ ጅፋሬ ጠይም፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ባልቴት ናቸው፤ ራሳቸውን በቢጫ ሻሽ አስረዋል። ሰሚራ ነገሩን በኦሮምኛ ስታስረዳቸው እኔን እያዩ ሁለት ጊዜ «ይቺ?» አሉ፤ ሁለቱንም ጊዜ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ።

ማጭድ ሰጡኝ። በግራ እጄ ያዝኩት። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ግራኝ ነኝ፤ ለግብ ጠባቂነት ጠቅሞኛል፣ ለአጨዳ ግን ጎረቤት ያቆስላል። ሰው እንዳልቆርጥ ዳር ላይ አቆሙኝ። ቶሎ ቶሎ ብዬ ላስገርማቸው ስጣደፍ ግንዱን ነቀነቅኩት፤ ከላይ የደረሰው ፍሬ እንደ ዝናብ መሬት ላይ ወረደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ እንኳ መልቀም አልቻልኩም። አዴ ጅፋሬ መጥተው እጄን ያዙ።

«መጀመሪያ ያዢ። ከያዝሽ በኋላ ቁረጪ። አታናውጪ፣ ኢንታለ ኮ።»

«ልጄ» ማለታቸው ነው። ሳስበው እኔም ለልጆቹ ኳስ ላይ የምለው ይህንኑ ነው፤ ሳትይዢ አትነሺ። ከዚያ ወዲያ እጄ ረጋ አለ። ማሳው ትንሽ ነበርና ፀሐይዋ ስትከርር ሰዎቹ ረድፋቸውን ጨርሰዋል፤ የእኔ ግማሹ ቆሟል። አዴ ጅፋሬ ያጨድኩትንም የቀረውንም አዩ።

«ግማሽ እጅ ነሽ» አሉኝ። «ነገ ከምሳ በቀር ሳትቀመጪ ከዋልሽ የሰሚራን ቀን እቀበላለሁ። ከተቀመጥሽ ቀኑ እሷ ላይ ነው፤ ትመለስና ትከፍላለች።»

ከሰዓት በኋላ አያ ሰይድ ከጁምዓ ሲመለሱ ውሳኔውን ነገርናቸው። «አብሽሪ» አሉኝ፤ አይዞሽ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ አንቱ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ አንቺ ሆንኩ። ያን ማታ ወገቤን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ በሕፃኑ ልቅሶና በእናቲቱ እሹሩሩ መሀል እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ጎሕ ሲቀድ ባጃጇ ደጅ ላይ ቆመች። አያ ሰይድ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ለሰሚራ ዱዓ አደረጉ፤ እናቷ ሕፃኑን ታቅፋ «አሚን» ትላለች፤ ፕሮቴስታንቱ ቶለራም ኮፍያውን አውልቆ «አሜን» ይላል። እኔ ይዣት ልሄድ የመጣሁት ሴትዮ ቆሜ ልሸኛት ነው። ከሻንጣዬ የግብ ጠባቂ ጓንቴን አውጥቼ ሰጠኋት። እሷ ደግሞ የራሷን ማጭድ ሰጠችኝ፤ እጀታው በእጇ ልክ ጎድጉዷል።

«ኮች፣ የአዴ ጅፋሬ ማሳ በታችኛው ጫፍ ጉድጓድ አለው። ይጠንቀቁ» አለችኝ። ቀጥላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ባይመርጡኝስ? ቀንዎ በከንቱ አይቀርም?»

«ቀኑ የአዴ ጅፋሬ ነው፤ በከንቱ አይቀርም። አንቺ ያንቺን ያዢ» አልኳት። ባጃጇ እሷንና ቶለራን ይዛ አቧራዋን ትታልን ሄደች።

ማሳው ትልቅ ነው። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ነገር ቢኖር የፊቴን ሰሊጥና የአዴ ጅፋሬን ቢጫ ሻሽ ነው። መያዝ፣ መቁረጥ፣ ማሰር፣ ማቆም። መዳፌ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያ ፈነዳ። ጓንቴ በዚያ ሰዓት በባኮ መንገድ ላይ ነው። እያሰብኩ ሳቄ መጣ። ወገቤን ለማቅናት ስቆም ሴቶቹ በዓይናቸው ይጠብቁኛል፤ ትቀመጥ ይሆን ብለው መሆኑ ነው። አልቀመጥም አልኩ። ደብረ ብርሃን ላይ በውርጭ ጠዋት ባዶ እጄን ኳስ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ ሙቀት አያስቀምጠኝም አልኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ከምሳ በኋላ ጉድጓዱን አገኘሁት። በእግሬ። ስሄድ ስሄድ መሬቱ ከሥሬ ጠፋና በቂጤ ቁጭ አልኩ፤ ነዶው ደረቴ ላይ ነው፣ አንድ ፍሬ አላፈሰስኩም። ሰልፉ ቆመ። አንዷ «ተቀመጠች!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ወደ አዴ ጅፋሬ ዞሩ። እኔም ከጉድጓዱ ውስጥ አንጋጥጬ አየኋቸው። የሰሚራ ፊት ብቻ ነው የታየኝ።

አዴ ጅፋሬ መጥተው ነዶውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ወደቀች እንጂ አልተቀመጠችም። መውደቅ ሥራዋ አይደል?» አሉ። ሳቁ ማሳውን ሞላው። ሁለት ሴቶች ብብቴን ይዘው አወጡኝ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ረድፉን ጨረሰ፤ የእኔ ብቻ ቆሞ ቀረ። በወንፈል ሰው ረድፉን ካልጨረሰ ማንም ቤቱ አይሄድም። ቀና ስል ቢጫው ሻሽ ከረድፌ ጫፍ ወደ እኔ እያጨደ ሲመጣ አየሁ። እሳቸው ከዚያ፣ እኔ ከዚህ ተቃረብን። የመጨረሻዋን ግንድ ትተውልኝ ቆረጥኳት። አዴ ጅፋሬ የቆሰለውን መዳፌን ወደ ላይ አንስተው ለሰልፉ አሳዩ።

«ሀርከ ጉቱ! ሙሉ እጅ!» አሉ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ከሕመሙም ከደስታውም።

እሁድ

አያ ሰይድ አንድ ከረጢት ሰሊጥ አስያዙኝ። አዴ ጅፋሬ ቸርች ከመሄዳቸው በፊት መጥተው ጉንጬን ሳሙኝ። ነቀምቴ መናኸሪያ ላይ ጫልቱ የቸርች ልብሷን እንደለበሰች በጠርሙስ ቅቤ ይዛ ጠበቀችኝ፤ መዳፌን ቀብታ በጨርቅ ጠቀለለችው። እኛ አገር ሰው ሲሸኝ ዳቦ ይቋጥራል፤ ነቀምቴ ላይ እጄን ቋጠሩልኝ።

ሲሬ ስንደርስ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። ሰው ሁሉ ወርዶ ጥላ ፈለገ። እኔ ጥላ ትቼ ኔትወርክ ፈለግኩ። ልምምዱ እስካሁን አልቆ መሆን አለበት፤ ቶለራ ግን አልደወለም። ስልኬን በተጠቀለለ እጄ ከፍ አድርጌ በከተማዋ መንገድ ወዲያና ወዲህ ስመላለስ ማክሰኞ በቆሎ የሸጠችልኝ ልጅ አወቀችኝና መቀመጫዋን ለቀቀችልኝ። አልተቀመጥኩም፤ ለምዶብኛል።

ስልኩ ሲጠራ የተጠቀለለው ጣቴ አልጫን አለ፤ ልጅቷ ናት ተጭና ጆሮዬ ላይ ያደረገችልኝ።

«የመጀመሪያውን ኳስ ጣለችው» አለ ቶለራ። ልቤ ወረደ። «ሁለተኛውንም። ጓንትሽ ሰፍቷት ነው! አሰልጣኙ ፊቱን ሲያዞር ጓንቱን አውልቃ ወረወረችው። ከዚያ በባዶ እጇ ያዘች። ሁሉንም ያዘች። አሰልጣኙ መጥቶ መዳፏን አይቶ ‹ይሄን ምን ላይ ነው ያገኘሽው?› አላት። ‹ሰሊጥ› አለችው። ገብታለች፣ ኮች! ገብታለች!»

ሲሬ መሀል አስፋልት ላይ እልል አልኩ። በቆሎ ሻጯ ምክንያቱን ሳታውቅ አብራኝ እልል አለች።

የጨዋታው ቀን

በዚህ ይበቃ ነበር። ግን ጉዞው እኔ ስመለስ አላለቀም።

የማጣሪያው የመጀመሪያ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ነበር። ልጆቹን እያሟሟቅን ሳለ የበሩ ጠባቂ «የሚፈልጉሽ ሰዎች አሉ» አለኝ። ሄድኩ። አያ ሰይድ በዱላቸው ተደግፈው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ከጎናቸው ቢጫ ሻሽ አለ።

«ቀንሽን ልመልስ መጣሁ» አሉ አያ ሰይድ። «ስለ ልጄ አጭደሽልኛል፤ ቀንሽ እኔ ላይ ነው። ወገቤን ታውቂዋለሽ፣ ግማሽ እጅ ነኝ። ጅፋሬ ሌላውን ግማሽ ልሙላ ብላ መጣች። ማሳሽ ይሄ አይደል? ምን እንሥራ?»

ከዚያ ሸለቆ እስከዚህ ድረስ፣ በዚያ ወገብ፣ በዚያ መንገድ። ከግቡ ጀርባ ወዳለው መቀመጫ ወሰድኳቸው። «ኳስ ወደ ሰሚራ ሲመጣ ጩኹላት» አልኩ።

አልተቀመጡም። ሰው ከኋላ «ተቀመጡ እንጂ!» ሲላቸው አዴ ጅፋሬ ዞረው «ረድፉ አላለቀም» አሉት። ኳስ በመጣ ቁጥር «ጀባዱ ሰሚራ!» ይላሉ፤ በርቺ ማለት ነው። አያ ሰይድ በዱላቸው ብረቱን ይመታሉ። ሰሚራ ድምፃቸውን የሰማችው ከመጀመሪያው ጩኸት ነው፤ አልዞረችም፣ ትከሻዋ ግን ሰፋ። ዳኛዋ የመጨረሻውን ፊሽካ ስትነፋ መረባችን ሳይነካ ነበር፤ እኛ አንድ አግብተናል። ሰሚራ ኳሱን እንዳቀፈች ወደ እነሱ ሮጠች። አዴ ጅፋሬ እጇን በመከለያው አሳልፈው ወደ ላይ አነሱት። «ሀርከ ጉቱ!» አሉ።

እኔም አያ ሰይድን አቀፍኳቸው። «ቀኔ ተመልሷል፣ አያ ሰይድ። ምንም የለብዎትም» አልኳቸው።

ፊታቸው እንደዚያ ሐሙስ ማታ ኮስተር አለ። ሰዓቱን ለማወቅ ፀሐይዋን አዩ።

«አንቺ ከጎሕ እስከ ማታ ነው የዋልሽው። ይሄ ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም» አሉ። «ቀሪውን ዓለም ዋንጫው ላይ እመልሳለሁ።»